ስለ ኑግ አበባና ስለ ንብ ሥራ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከሚዘሩት የዘይት እህሎች መካከል የቆየውና የታወቀው ኑግ ነው። በጎጃም፥ በጎንደር፥ በወሎ፥ በሸዋና በወለጋ ያለው ገበሬ ሌላው እህል እንቢ የሚለውን ውሃ የሚቋጥር መሬት ለኑግ ይሰጠዋል፤ ከብት ስለማይደፍረውም በእህሉ ዳርና በመንገድ ዳር እንደ አጥር አድርጎ ይዘራዋል። ዘይቱ ለጾም ወጥ፥ ፋጉሎው ለከብት ቀለብ ይሆናል፤ ኑግ በነበረበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው እህል እንደሚያምር ገበሬው ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ኑግ ሳያፈራ የቀረ እንደሆነ ጉዳቱ ከአንድ ማሳ አልፎ ወደ ወጥ ቤቱም ወደ በረቱም ይደርሳል።

አንዳንድ ዓመት እንዲህ ይሆናል። ኑጉ በሐምሌ ተዘርቶ በደንብ ይበቅላል፤ በመስቀል ሰሞን አገሩን ሁሉ ቢጫ ያለብሰዋል፤ ያየው ሁሉ ዘንድሮ ዘይት ይትረፈረፋል ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ በአውድማ ላይ ሲወቃ ግን ወደ ጎተራው የሚገባው የታሰበውን እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ገበሬው ውርጭ መታው ይላል፤ ጎረቤቱ መሬቱ ደከመ ይላል፤ ሦስተኛው የሰው ዓይን ነው ይላል፤ የወረዳው ሹምም የሰማውን ጽፎ ወደ በላይ ያስተላልፋል። ውርጭና በረዶ ኑግን እንደሚጎዱ እውነት ነው፤ ዝናብ ቀድሞ የተቋረጠ እንደሆነም ፍሬው አይሞላም፤ በአበባው ራስ ውስጥ ገብቶ ፍሬውን የሚበላ የዝንብ ትልም አለ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ምልክታቸውን ትተው ይሄዳሉ። ውርጭ የመታው ኑግ ቅጠሉም ጭምር ይጠቁራል፤ ትል የበላው ራስ ሲሰነጠቅ ትሉ ወይም የገባበት ቀዳዳ ይታያል። ዝናቡ በጊዜው ዘንቦ፥ ቅጠሉ ደህና ሆኖ፥ ራሱም ሳይበሳ፥ በውስጡ ጥቂት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፍሬና ብዙ ነጣ ያለ ጠፍጣፋ ገለፈት የተገኘ እንደሆነ ግን አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አበባው ጊዜው ደርሶ ሳለ የሚጎበኘው ማጣቱ ነው። ጎብኚውም ንብ ናት።

ይህን ለመረዳት የኑግን አበባ በእጅ ይዞ መመልከት ይበቃል። ከሩቅ አንድ አበባ የሚመስለው በእውነቱ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። በዙሪያው እንደ ቅጠል የተዘረጉት ቢጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ያህል ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። በመካከል ተጠጋግተው የቆሙት ደግሞ እንደ ቀጭን ቱቦ ያሉ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ ታናናሽ አበቦች ናቸው። አደይ አበባም የፈረንጅ ሱፍም በዚሁ ወገን ይቆጠራሉና አሠራራቸው አንድ ነው። ከታናናሾቹ አበቦች አንዲቱ የምትሰጠው ፍሬ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአውድማ ላይ የሚሰፈረው ኑግ ሁሉ ፍሬ በፍሬ የሚቆጠር የአበባ ሥራ ነው።

በእያንዳንዲቱ ታናሽ አበባ ውስጥ የወንዱም የሴቱም ክፍል በአንድነት ይገኛል። የወንዱ ክፍል አምስት ሆኖ ጎን ለጎን ተጣብቆ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ያለ ቱቦ ይሠራል፤ የአበባውንም ዱቄት ወደ ውስጥ ያፈሰዋል። የሴቲቱ ክፍል ከታች ተነሥታ በዚያ ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ ታድጋለች፤ መወልወያ በአፈሙዝ ውስጥ ሲገፋ እድፉን እንደሚያወጣው እርስዋም ዱቄቱን እየገፋች ወደ ውጭ ታወጣዋለች። ይህን ከፈጸመች በኋላ ጫፍዋ እንደ ሁለት ምላስ ተከፍሎ ይዘረጋል፤ ዱቄት የምትቀበለው በዚህ ምላስ ላይ ነው። የተቀበለችው ዱቄት ከተስማማት እንደ ዘር ያቆጠቁጣል፤ ከዓይን የረቀቀ ክር ሥር ሰዶ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል፤ ከዘሩም እንቁላል ጋራ ይገናኛል፤ ፍሬ መያዝ የሚባለውም ይህ ነው።

እንግዲህ ወንዱና ሴቲቱ እንዲህ ተቃቅፈው ሳሉ መልእክተኛ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። ጤፍ፥ ስንዴና ገብስ መልእክተኛ አይሹም፤ አበባቸው ሳይገለጥ ወይም እንደ ተገለጠ በራሳቸው ዱቄት ፍሬ ይይዛሉ። ኑግ ግን እንደ እነርሱ አይደለም። የኑግ ሴቲቱ ክፍል ከራስዋ ተክል የመጣውን ዱቄት ለይታ ታውቀዋለች፤ ቢያርፍባትም ሥር እንዳይሰድ ትከለክለዋለች። ከአንድ እናት የወጡት ተክሎችም ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በሰው ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሥጋ ዘመድ አይጋባም እንደሚባለው ያለ ሕግ በኑግ ዘንድ በተፈጥሮ ተሠርቶ ይገኛል። ጤፉ ባማረበት አገር ኑጉ ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሚያስደንቀው ሰው ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ነው።

ተክል ወንድና ሴት እንዳለው በፈተና ከገለጡት ሊቃውንት ፊተኛው በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ የነበረው ካሜራሪዩስ ነው። እርሱ የጉሎን ወንድ አበቦች ሳይፈነዱ ቆርጦ ቢያስወግድ ጉሎው ያለ ደህና ፍሬ ቀረ፤ ይህንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1694 ጽፎ አስታወቀ። ከእርሱ በኋላ በ1793 ስፕሬንገል የተባለ የትምህርት ቤት አለቃ በበርሊን ባሳተመው መጽሐፍ የአበባ ቀለምና ማር ለጌጥ የተሰጠ ሳይሆን በራሪ ነፍሳትን ለመጥራት እንደሆነ አስረዳ። በዘመኑ የሰማው ጥቂት ነበር፤ ዳርዊን ነገሩን በሰፊው መርምሮ በ1876 ከጻፈ ወዲህ ግን በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አገኘ።

የበቆሎ ዱቄት ደረቅና ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። የኑግ ዱቄት ግን በጉልህ መነጽር ቢያዩት እሾህ የበዛበትና የሚጣበቅ ነው፤ ነፋስ ሩቅ ሊያደርሰው አይችልም። ስለዚህ ከአንዱ ኑግ ወደ ሌላው ኑግ የሚያደርሰው በእግርና በክንፍ የሚሄድ ፍጥረት ያስፈልገዋል። ዝንቦችና ሌሎች በራሪዎችም ያግዛሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ሥራው የንብ ነው።

ንብ አጥንት ከሌላቸው እንስሳት ወገን ናት። የዚህ ወገን ብዛት ከሚታሰበው በላይ ነው፤ ሊቃውንት ስም ያወጡላቸው ስድስት እግር ያላቸው ነፍሳት ብቻ ከ1,000,000 ዓይነት ይበልጣሉ፤ አጥንት ያላቸው እንስሳት፥ ዓሣውም ወፉም አራዊቱም ተደምረው፥ የዚህን አንድ አሥረኛ አይደርሱም። አጥንት ስለሌላቸው ግን ደካማ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሰው አጥንቱን በሥጋው ውስጥ እንደሚሸከም እነርሱ ደግሞ ጠንካራውን ነገር እንደ ጥሩር በውጭ ለብሰውታል። ንብ ስድስት እግርና አራት ክንፍ፥ ዓይንም አምስት አላት፤ ሁለቱ ታላላቆች፥ ሦስቱ በግንባርዋ ላይ ያሉ ታናናሾች ናቸው። በአፍዋ አትተነፍስም፤ በጎንና ጎንዋ በተደረደሩ ቀዳዳዎች አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በረቂቅ ቧንቧዎች ወደ አካልዋ ሁሉ ይደርሳል። ይህን ማወቅ ለሹም ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ ቅርብ ነው፤ በእርሻ ላይ የሚረጨው መርዝ ንብ ሳትቀምሰው እንኳ በጥሩርዋና በእነዚህ ቀዳዳዎች ሊገባባት ይችላል።

የንብ ጠጉር እንደ በግ ጠጉር ቀጥ ያለ አይደለም፤ እያንዳንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው፤ የአበባው ዱቄት የሚያዘውም በዚህ ነው። በኋላ እግርዋ ላይ እንደ ቅርጫት ያለ ስፍራ አላት፤ ዱቄቱን ከማር ጋራ ለውሳ በዚያ ትጭነዋለች፤ ቢጫ ጭነት ይዛ ወደ ቀፎ ስትገባ የሚታየው ይህ ነው። ለልጆች ምግብ የሚሆነው ይህ የተጫነው ነው፤ ለኑግ የሚጠቅመው ግን በጠጉርዋ ላይ የቀረው ብናኝ ነው። ደግሞም ንብ ወደ አንድ ዓይነት አበባ መሄድ ከጀመረች በዚያ ጉዞዋ ያንኑ ዓይነት እየመረጠች ትሄዳለች እንጂ ከኑግ ወደ ባቄላ፥ ከባቄላ ወደ አደይ አትቀላቅልም። በአንድ ጉዞ ከ50 እስከ 100 የሚሆን አበባ ትጎበኛለች። መልእክቱን ያለ ስሕተት የምታደርስ ስለዚህ ነው።

የቀፎው መንግሥት ኑሮም ከኑጉ ጋራ የተያያዘ ነው። በአንድ ቀፎ እንቁላል የምትጥል እናት አንዲት ናት። በአማርኛ አውራ ስትባል ቃሉ ወንድ ያስመስላታል፤ የጥንት የግሪክ ሊቃውንትም ንጉሥ ይሏት ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ስዋመርዳም የተባለው የሆላንድ ሊቅ ሆድዋን ከፍቶ ቢመረምር እንቁላል የመላባት ሴት ሆና ተገኘች። ድንጉላው ወንድ ነው፤ ከአውራዋ ጋራ ከመገናኘት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ማርም አያመጣም። የቀሩት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ሁሉ ሴቶች ሠራተኞች ናቸው። ሠራተኛይቱና አውራይቱ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ይወጣሉ፤ የሚለያቸው በሕፃንነታቸው የሚሰጣቸው ምግብ ነው።

አሁን አንድ ሂሳብ ይታሰብ። ሠራተኛ ንብ እንቁላል ከተጣለ ጀምሮ ክንፍ አውጥታ ከእንጀራው እስክትወጣ 20 ቀን ያህል ይፈጃል። ከወጣች በኋላም ወዲያው ወደ አበባ አትሄድም፤ ሌላ ሦስት ሳምንት ያህል ቤት ትጠርጋለች፥ ልጆች ትመግባለች፥ ሰም ትሠራለች፥ በር ትጠብቃለች። ከዚህ በኋላ ነው ወደ እርሻ የምትወጣው፤ በዚያም ሥራ ላይ የምትቆየው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት እምብዛም አያልፍም፤ ክንፍዋ ተበጣጥሶ ትሞታለች። ስለዚህ መስከረም 20 ቀን በኑግ አበባ ላይ የምትታየው ንብ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እንቁላል የነበረች ናት። አበባው ከፈነዳ በኋላ ንብ ቢያልቅ ወይም ቢያንስ የሚተካው ሠራዊት የሚደርሰው ኑጉ ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው። የኑግ ምርት የሚወሰነው ገበሬው ስለ ንብ ፈጽሞ በማያስብበት በክረምቱ ልብ ውስጥ ነው።

ክረምት ደግሞ ለንብ የረኃብ ወራት ነው። ዝናቡ ከቤት አያስወጣትም፤ አበባውም በዝናብ ታጥቦ ማር የለውም። የምትኖረው በጎተራዋ ባስቀመጠችው ነው። በብዙ አገር ማር የሚቆረጠው ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋነኛው ኑጉና አደዩ ካበቡ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ሁለተኛው በግንቦትና በሰኔ ነው። የጥቅምቱን ቢወስዱባት የቀረ አበባ ስላለ ትተካዋለች። በሰኔ ማሩን አሟጦ የወሰደባት ሰው ግን ክረምቱን በባዶ ቤት እንድትገባ አድርጓታል። የተራበ ቀፎ አውራው እንቁላል መጣል ታቆማለች፤ አለዚያም ሕዝቡ ሁሉ ቤቱን ጥሎ ይኮበልላል። በሰኔ የተገኘው ጥቂት ማር በታኅሣሥ በኑግ ከረጢት ይከፈላል፤ ሂሳቡ ለባለ መሬቱ የሚያተርፍ አይደለም። ማሩ የአንዱ ሰው፥ ኑጉ የሌላው ሰው ሆኖ የሚገኝበት ስፍራ ስለበዛም ነገሩን ሊያስታርቅ የሚችለው ሁለቱንም የሚያስተዳድር ሹም ነው።

አቆራረጡም ራሱ መታሰብ አለበት። ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በእበት የተመረገው ቀፎ በዛፍ ላይ ሲሰቀል፥ ማር ቆራጩ በሌሊት ወጥቶ በችቦ እሳት ንቡን እየለበለበ፥ ማሩንም ዕጭ ያለበትንም እንጀራ በአንድነት ያወርደዋል። ይህ ማር መቁረጥ ሳይሆን ቤት ማፍረስ ነው። ጭስ ብቻ ተጠቅሞ፥ ማር የሞላበትን እንጀራ ወስዶ፥ ዕጭ ያለበትን መተው የሚችል ሰው በየአገሩ አለ፤ ልምዱን ለሌላው እንዲያሳይ ቢደረግ ወጪ የለውም። ዋንዛ፥ ብሳና፥ ጌተምና ግራር በየወራቱ እየተተካኩ ለንብ ቀለብ የሚሰጡ ዛፎች ናቸው፤ ኑግ የሚያብበው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሆነ በቀሩት ወራት ንብ የምትኖረው በእነዚህ ነው። ከእርሻው ዳር ያሉትን ዛፎች ሁሉ መንጥሮ ተጨማሪ ኑግ የዘራ ሰው መሬት ጨመረ እንጂ ፍሬ መጨመሩ ያጠራጥራል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የመርዙ ነገር ነው። ገበሬው መድኃኒት ይለዋል፤ ስሙ አሳሳች ነው። የአረም መድኃኒት የሚባለው፥ እንደ ቱ ፎር ዲ ያለው፥ በስንዴና በጤፍ ውስጥ ያለውን ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለይቶ ይገድላል፤ ከሚገድለውም አረም ብዙው ንብ በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ የምትቀስመው አበባ ነው። ኑግም ራሱ ሰፊ ቅጠል ያለው ስለሆነ ነፋስ የወሰደው ብናኝ ቢደርስበት ይጨማደዳል። የተባይ መድኃኒት ደግሞ ንብን በቀጥታ ይገድላል፤ ተባይን ከንብ ለይቶ አያውቅምና። በኑግ ላይ መርዝ የሚረጭ ገበሬ ብዙ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከጎረቤት እርሻ ነው፤ ንብ ሁለትና ሦስት ኪሎሜትር ያህል ርቃ ስለምትሄድ የአንዱ ቀበሌ ርጭት የሌላውን ቀበሌ ቀፎ ባዶ ያደርጋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኒዮኒኮቲኖይድ ከሚባሉት መርዞች ሦስቱን በ2018 በሜዳ እርሻ ላይ እንዳይረጩ የከለከሉት ስለ ንብ ብለው ነው። በኢትዮጵያም ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ አዋጅ ቁጥር 660 አለ፤ የወረዳ ሹም ባለ ቀፎውንና ባለ ርጭቱን ሲያከራክር ይህን አዋጅ አስቀርቦ ሊያነበው ይገባል።

ነገሩን በቃል ከመስማት በዓይን ማየት የሚሻል ሰው እንዲህ ያድርግ። በመስከረም መጀመሪያ ኑጉ ሳያብብ በአንድ ማሳ ውስጥ አሥር የሚሆኑ እንቡጦችን መርጦ በስስ ነጠላ ቁራጭ ሸፍኖ አንገታቸውን ይሰር፤ አየርና ፀሐይ ይገባል፥ ንብ ግን አይገባም። ከአጠገባቸው ሌላ አሥር በክር ብቻ ምልክት አድርጎ ክፍት ይተው። በኅዳር ሁለቱን ለየብቻ ሰብስቦ በእጁ ፈልፍሎ ጥቁሩንና ገለፈቱን ይቁጠር። በጨርቅ የታሰሩት ጥቂት ፍሬ ወይም ምንም ፍሬ ሳይገኝባቸው ይቀራሉ። ክፍቶቹ ግን ሁለት ነገር ያስታውቃሉ፤ ጥቁሩ ከበዛ የዚያ አገር ንብ ይበቃል ማለት ነው፤ ገለፈቱ ከበዛ ቀፎ ያንሳል ማለት ነው። ይህን ፈተና በገበሬዎች ፊት ማድረግ ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ከአንድ ክንድ ጨርቅም በላይ ወጪ አይጠይቅም።

ንብ ያነሰበት ስፍራ ባለ መሬቱ ቀፎ ያላቸውን ሰዎች በኑጉ ወራት በማሳው ዳር እንዲያስቀምጡ ቢፈቅድላቸውና ከብትና ሌባ እንዳይነካባቸው ቢያስጠብቅላቸው፥ ማሩ ለእነርሱ ኑጉ ለእርሱ ይሆናል። ቀፎው ከኑጉ ከአንድ ኪሎሜትር ባይርቅ ይመረጣል። ዱባ፥ ባቄላና ለዘር የተተወ ሽንኩርትም ያለ ንብ ወይም በጥቂት ንብ ፍሬያቸው የሚጎድል ስለሆነ ጥቅሙ ለአትክልት ቦታውም ይደርሳል።

መርጨት ግድ በሚሆንበት ጊዜ፥ በ2019 እና በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በምሥራቅ አፍሪካ አንበጣ በተነሣ ጊዜ እንደሆነው፥ ሹሙ ከርጭቱ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ በዚያ ዙሪያ ላሉት ባለ ቀፎዎች ሁሉ ያስታውቅ። ያበበ ማሳ አይረጭ፤ የግድ ቢሆን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይረጭ። ኃይሉ ለብዙ ቀን የሚቆይ መርዝ ከሆነ ግን በማታ መርጨትም አያድንም፤ ቀፎዎቹን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ይሻላል። ማዛወር ያልተቻለ እንደሆነ ንቡ ሁሉ በገባበት በሌሊት የቀፎው በር አየር በሚያስገባ ሣር ወይም በሽቦ ወንፊት ይዘጋ፤ በላዩም እርጥብ ጨርቅ ይደረግ፤ ከአንድ ቀን በላይም ተዘግቶ አይቆይ፥ በሙቀት ታፍኖ ያልቃልና። በቀፎ በር ላይ ንብ ተከምሮ ሞቶ የተገኘ እንደሆነ ሳይነፍስበትና ዝናብ ሳይመታው በንጹሕ ወረቀት ተሰብስቦ፥ የተገኘበት ቀንና ስፍራ፥ በአቅራቢያውም የተረጨው መድኃኒት ስምና የረጨው ሰው ተጽፎበት፥ ለወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ይሰጥ።